የእናቷ አማርኛ

ፀጋአብ በዓይኑ ያየው ነገር የለም። የሰማው ግን ከጆሮው የሚወጣ አልሆነም።

ቀዳም ስዑር ጠዋት ነበር። ካርቱም ረመዳኗን ትጾማለች፤ እሱና እናቱ ደግሞ ሁዳዴን ሊፈቱ አንድ ሌሊት ቀርቷቸዋል። እናቱ ወሰንየለሽ ሪያድ ሰፈር፣ በሐጂ አልሲር ቪላ፣ እዚያው እያደረች የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ናት። ለፋሲካ ወደ አርካዊት፣ ወደ ኪራይ ክፍላቸው ሊወስዳት በጓሮ በር ገባ። ቀድሞ ያገኘው ግን የቤቱን ልጅ ሱላፋን ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ላይ፣ እየጠበቀችው እንዳልነበረ ለማስመሰል ፊቷን ወደ ገመዱ አዙራ ቆማለች። ዞር ስትል ዓይናቸው ተገጣጠመ። ሰላም ሊላት አፉን ሲከፍት ከስታዲየሙ በኩል ሰማዩ እንደ አቡጀዲ ተተረተረ።

«ርችት ነው» አለ ፀጋአብ።

«በረመዳን? በጠዋት?»

እርግቦቹ ከውኃ ጋኑ ላይ ግር ብለው ተነሱ። ሁለተኛው ፍንዳታ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ከፎቅ የናዲር ጩኸት ተሰማ።

ናዲር የሱላፋ ታላቅ ወንድም ነው፤ በአባት ብቻ። «የሠራተኛዋ ልጅ ይህን ግቢ ቢረግጥ እግሩን ሰብሬ እናቱን አሸክማታለሁ» ብሎ ከዛተ ብዙ አልቆየም። ዛቻ ብቻም አልነበረም። እሱና ጓደኞቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው የረገጡት ጎኑ ፀጋአብን ዛሬም ሲተነፍስ ይወጋዋል። ሱላፋ ደረቱን ገፍታ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አስገባችውና በሩን ከውጭ ቀረቀረችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ድምፅ ነው። የናዲር ጫማ በንጣፉ ላይ። «ዌኑ? የት አለ?» የሚል ጩኸት። የእናቱ የተሰባበረ ዓረብኛ፦ «ማፊ ዙል፣ ያ ወለዲ፤ ማንም የለም ልጄ።» ከዚያ ብረት አጥንት ላይ ሲያርፍ። የእናቱ ሲቃ። ወዲያው ደግሞ የሱላፋ ድምፅ፣ ያውም በአማርኛ፦

«ውጪ! ቶሎ ውጪ! ከዚህ ቤት ውጪ አልኩ!»

በዚያ ግቢ አማርኛ የሚሰሙ ሱላፋና እናቱ ብቻ ናቸው። ፀጋአብ በሩን በትከሻው መታ፤ አልበገር አለው። ዞሮ የጓሮውን መስኮት በክርኑ ሰበረና ወደ ቅያሱ ዘለለ። መዳፉን መስታወት ሲቀደው እንኳን አልተሰማውም። ቪላውን ዞሮ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ እናቱ አስፋልቱ መሀል ቆማለች፤ ነጠላ ጫማዋን ጥላ፣ ከቅንድቧ የሚወርደው ደም አንድ ዓይኗን ሸፍኖት። ጥይት በራሶቻቸው ላይ እያፏጨ ያልፋል።

«እማዬ! ማን መታሽ? እሱ ነው?»

«እሱስ ይምታ» አለችው። የሚነድ ከተማ መሀል እንዳለች የረሳች ትመስላለች። «እሱ ድሮም ጠላቴ ነው። እሷ ናት እንጂ ልጄ። ፀጉሯን አበጥሬ ያሳደግኋት። ውጪ አለችኝ እኮ!»

ፀጋአብ እናቱን ደግፎ ወደ አርካዊት ሲሮጥ ወደ ቪላው አንዴም ዞሮ አላየም። ቢያይ ኖሮ እንደሚያለቅስ ያውቅ ነበር።

*

ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ለበዓሉ የገዛው ዶሮ የሚያርደው ጠፍቶ ከአልጋው እግር ጋር እንደታሰረ፣ መድፍ ባጓራ ቁጥር ክንፉን እያራገበ ሰነበተ። መብራት የለም። ውኃ ሊቀዳ የወጣ ጎረቤት በባልዲው ላይ ተደፍቶ ቀረ፤ ሬሳውን አንስቶ ለመቅበር ተኩሱ ፋታ እስኪሰጥ መጠበቅ ነበረባቸው። ፀጋአብን ግን ከመድፉም፣ ከሬሳውም ይልቅ ያቆሰለችው አንዲት ቃል ነበረች። ውጪ።

ከሱላፋ ጋር በሚማርበት ትምህርት ቤት «ነሻጥ» የሚባል ነገር አለ፤ ተማሪው ከክፍል ውጭ የሚሳተፍበት ሁሉ። ዋና፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ፒያኖ፣ ቲያትር። ደወል ሲደወል የሪያድ ልጆች በሾፌር ወደ መዋኛው ይሄዳሉ፤ በፈተና አልፎ በነጻ የገባው ፀጋአብ ደግሞ ድልድዩ ላይ በሚንፏቀቅ አውቶቡስ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ሰፈር ተሻግሮ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲበይድ ያመሻል። ስደት ሁለት ዓመት ስለበላበት ከክፍሉ በዕድሜ ትልቁ ነው፤ ሃያ ሊሞላው ነው። በሒሳብም፣ በፊዚክስም፣ በዓረብኛ ሳይቀር የሚቀድመው አልነበረም። በነሻጥ ግን ባዶ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዕድል ደግሞ ሁለቱን ደምሮ ነው። «ጎበዝ ነው፤ ግን ሙሉ ተማሪ አይደለም» አሉ አስተማሪዎቹ። ጎዶሎው አውቶቡሱና ብየዳው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን በኮሪደሩ ሲያልፍ ከኋላው በአማርኛ ተጠራ። «አንቺ! ለምን ከእኛ ጋር ቲያትር አትሠሪም?»

ፀጋአብ የምትጠራዋን ሴት ፍለጋ ዘወር አለ። ከሱላፋ በቀር ማንም አልነበረም። የምታየው እሱን ነው።

እናቷ ሶፍያ የደሴ ሰው ነበረች። የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ፣ ባሏና የእንጀራ ልጇ በማይሰሙት ቋንቋ ለሴት ልጇ ብቻ ታወራ ነበር። ሱላፋ ገና ትንሽ ሳለች ሞተች። የተወችላት አማርኛ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ አይዞሽ ነው። ኋላ ወደዚያ ቤት የገባችው ወሰንየለሽም ያንኑ ጨመረችላት። ሱላፋ ወንድ በአማርኛ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። አንዴ ጋራዡ ድረስ መጥታ ጢማሙን በያጅ ኑርሁሴንን «እንዴት ዋልሽ? ደከመሽ?» ብላው ሠራተኛው በሳቅ ሲወድቅ፣ ኑርሁሴን ጢሙን ዳብሶ «እኔስ እሺ፣ ይሄ ምን ይባል?» አለ።

«ለወንድ ‹ና› ነው፤ ‹ነይ› ለሴት ነው» አላት ፀጋአብ።

«ማማ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም» አለችው። ስትል ድምፏ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሲያርማት በቀስታ ሆነ።

የቲያትሩ ኃላፊ ለፀጋአብ የሰጡት ድርሻ ሻይ ማቅረብ ነበር። «ሐበሺ ነው፤ ያምርበታል» አሉ። ሱላፋ ትሪውን ከእጁ ነጥቃ መሬት ላይ ወረወረችው። ብርጭቆው ሲደቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። «ፀጋአብ ቃዲውን ይሠራል፤ አለበለዚያ እኔም አልሠራም» አለች። ቃዲ ሆኖ ፈረደ፣ ተጨበጨበለት፤ በነሻጥ የጎደለው ሞላለት። ለዓመታት የሱላፋ የነበረው አንደኝነት የእሱ ሆነ፤ እሷ ሁለተኛ። ናዲር ያበደው ያን ጊዜ ነው። «ቦታሽን ለሠራተኛሽ ልጅ በእጅሽ ሰጠሽው!»

በልምምዱ ማብቂያ ሱላፋ ቃሏን አስተካክላ ነበር። ከመናገሯ በፊት አንዲት ትንፋሽ ትቆማለች፤ ቦይ ሊዘል እንደሚያመነታ ሰው። «ፀጋአብ... ና።» ለእሱ ያቺ ትንፋሽ ከቃሉ ትበልጥበት ነበር።

አሁን ያንን ሁሉ ሊጠላው እየታገለ ነው። ኔትዎርክ ለአፍታ ሲመለስ ስልኩ ጮኸ። በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ «ፀጋአብ፣ አለህ?»

አለህ። አንድም አልተሳሳተችም።

«ማን ነው?» አለች እናቱ፣ ግንባሯ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እየነካካች።

«ማንም።»

«አትመልስላት አላልኩህም» አለች ወሰንየለሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ደህና መሆኗን ብቻ ብትጠይቃት።»

ፀጋአብ ስልኩን አጠፋው። እናቱ በተሰበረ ግንባሯ አሁንም ለዚያች ልጅ መጨነቋ ከሁሉ በላይ አቃጠለው።

*

የዒድ ማግስት ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ እንዳለ ተሰማ፤ ከዚያ መተማ ነው። ጓዛቸውን በአንድ አንሶላ ቋጥረው ሊወጡ ሲሉ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ፀጋአብ በትንሹ ገርበብ አደረገው።

ሱላፋ ናት። ጥቁር አባያዋ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ከንፈሯ ደርቋል። ከሪያድ እዚህ ድረስ ብቻዋን በእግሯ መጥታለች፤ በዚህ ሳምንት ያን መንገድ ወንድ እንኳ አልደፈረውም። ዓይኖቿ ፊቱን ሲያገኙ እንባ ሞሉ። ፀጋአብ እናቱ እንዳታያት ወደ ቅያሱ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«አለህ» አለች። «አልሐምዱሊላህ። አለህ። ኻልቲ፣ አክስቴ ወሰን ደህና ናት?»

«አንቺ ስለ እናቴ ትጠይቂያለሽ? ለጥይት ወርውረሻት?»

«እኔ?»

«ውጪ አላልሽም? እዚያ በር ሥር ሆኜ የሰማሁት የአንቺን ድምፅ አይደለም?»

«አዎ፣ ብያለሁ፤ ግን...»

«በቃኝ!» አላት። ድምፁ ከተማውን ያፈረሰው መድፍ ውስጡ ያለ ይመስል ነበር። «እኔን ብትሉኝ እችለው ነበር። ሐበሺ በሉኝ፣ ሻይ አቅርብ በሉኝ። እሷን ግን! ትኩሳት ሲይዝሽ ሥርሽ ያደረችልሽን፣ ስትጾሚ ሌሊት ተነስታ ሱሁርሽን የምታበላሽን! ነጥብ ሰጥተሽ ልትገዢኝ ነበር እንዴ? ውሰጂው። አንደኝነቱንም፣ ቲያትሩንም ውሰጂው። ሂጂልኝ።»

«አንተ ምን እያልክ ነው? ወላሂ አልገባኝም። እኔ ያን ቀን...»

አልጨረሰችም። ዓይኗ ከትከሻው ወዲያ አፈጠጠ። ከአስፋልቱ በኩል ታጣቂ የጫነ ፒካፕ አቧራ እያቦነነ ወደ ቅያሱ ታጥፏል፤ ከላዩ ያለው መትረየስ እየዞረ ነው። ፀጋአብ ጀርባውን ሰጥቶታል።

«ተኚ!» ብላ ጮኸች። «ተኚ!»

ፀጋአብ ወደ በሩ ዞረ። እናቱ የወጣች መሰለው። የምትጠራዋን ሴት ፈለገ።

«ፀጋአብ ተኚ!»

በሙሉ ሰውነቷ ወደቀችበት። መትረየሱ ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር አረሰው። የቆርቆሮው በር እንደ ወንፊት ተበሳሳ፤ የግድግዳው ጡብ ፊታቸው ላይ ዘነበ። ፒካፑ በአጠገባቸው ሲያልፍ ታጣቂዎቹ እንደ ሠርገኛ እየጮኹ ነበር። ከዚያ አቧራ ብቻ። ፀጋአብ ደረቱ ላይ ሙቅ ነገር ሲሰራጭ ተሰማው፤ የራሱ ደም መስሎት ዳሰሰ። የራሱ አልነበረም። ከትከሻዋ ሥር ነው የሚመነጨው።

አእምሮው ግን ቁስሉን ከማየቱ በፊት አንድ ቃል ላይ ቆሞ ቀረ። ተኚ። ስሙን ጠርታ። ስሙን ጠርታ ተኚ አለችው።

«ሱላፋ» አለ። «ያን ቀን... ውጪ ያልሽው ማንን ነው?»

«አንተን» አለች፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ያቺን ትንፋሽ ጠብቃ። «ሽጉጥ ይዟል። በሩ ተዘግቷል። መስኮቱ አለ፤ አንተ... በመስኮቱ...» ከዚያ ሕመሙ ነጠቃትና ያ የሕፃንነት አማርኛዋ ብቻ ቀረ። «ወጣሽ አይደል? እሱ አላገኘሽም አይደል?»

ፀጋአብ ግንባሩን ግንባሯ ላይ ጣለ። የፈረደባት ፍርድ ሁሉ በራሱ ላይ ዞረ። ከዚያች ከተዘጋች ክፍል ሰባብሮ የወጣው ሳያውቀው በእሷ ትእዛዝ ነበር፤ ያዳነውንም ድምፅ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሲረግም የከረመው።

«እማዬ! እማዬ ድረሽ!»

ወሰንየለሽ የተበሳሳውን በር ገፍታ ስትወጣ ልጇ የሞተ መስሏት ነበር። ሱላፋን ስታይ አጠገቧ ተንበረከከች።

«አንቺን አልነበረም እማዬ» አላት ፀጋአብ። «ውጪ ያለችው እኔን ነው። ለእኔ ነው የጮኸችው!»

ሴትዮዋ ለአፍታ ሁለቱንም አፈራርቃ አየቻቸው። ከዚያ ሻሿን ከራሷ መንጭቃ ቁስሉ ላይ በሁለት እጇ ተጫነች። «ልጄን! እኔ ልቅደምሽ! እኔስ ምን ነክቶኝ አመንኩ? አንቺ ደግሞ፣ ሰው እንዴት በዚህ አማርኛ ያድናል!» አለች፤ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አይለይም ነበር።

*

ናዲር ከማለዳ ጀምሮ እህቱን ሲፈልግ የነበረው መኪናውን እያበረረ ነው። የኋላ መስታወቱ ረግፏል። ወደ ሠራተኛዋ ቤት መሄዷን ገምቶ ቅያሱ አፍ ላይ ሲደርስ የታየው ፀጋአብ ነው፤ እስከ ክርኑ በእህቱ ደም ተነክሮ። ከመኪናው ወርዶ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደገነ።

«ገደልካት!»

«ተኩስ» አለ ፀጋአብ በዓረብኛ። «መጀመሪያ ግን በሩን ክፈትና ሐኪም ቤት አድርሳት።»

«ናዲር!» ብላ አንባረቀች ወሰንየለሽ፤ በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ድምፅዋን በእሱ ላይ ከፍ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። «እጄን ካነሳሁ ደሟ ያልቃል። በሩን!»

ናዲር በእናቲቱ ግንባር ላይ ያለውን ቁስል፣ የገዛ እጁን ሥራ፣ አየ። ሽጉጡ ወረደ። ፀጋአብ ሱላፋን አቅፎ ከኋላ አስገባት፤ ወሰንየለሽ ከቁስሉ ላይ እጇን ሳታነሳ አብራ ገባች። «አንተ አትገባም» አለ ናዲር። ሱላፋ ግን የፀጋአብን ሸሚዝ ጨብጣ ነበር፤ ጣቶቿን ለማላቀቅ ጊዜ አልነበረም።

ከጥቂት መንገድ በኋላ ገመድ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ አገኙ። ታጣቂዎች። አንደኛው፣ ጢም እንኳን በቅጡ ያላወጣ፣ ጠመንጃውን በመስኮቱ አስገብቶ የፀጋአብ አንገት ላይ ለጠፈው። «ሐበሺ! ተዋጊ ነህ? ወረቀትህ!»

ፀጋአብ ኪሱ ውስጥ የነበረው የትምህርት ቤት መታወቂያው ብቻ ነው። ልጁ ፊደል እየቆጠረ አነበበው። ሳቀ።

«እዚህ ትምህርት ቤት? የሚኒስትር ልጆች የሚማሩበት? ከየትኛው ሬሳ ላይ ነው የሰረቅከው? ውረድ!»

ሌሎቹ ቀረቡ። በሩ ተከፈተ። አንዱ ፀጋአብን በአንገትጌው ይዞ ጎተተው፤ በጠመንጃ ሰደፍ ያልዳነውን ጎኑን መታው። እግሩ መሬት ነካ። ሊወስዱት ያሰቡት ወዴት እንደሆነ ከመንገዱ ዳር ግንብ ሥር የተጋደሙት ሬሳዎች ይናገሩ ነበር። ፀጋአብ በጎን መስታወቱ ውስጥ የናዲርን ዓይኖች አየ። ናዲር ዝም ቢል በቂ ነው፤ ዝምታው ብቻ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ጥላቻው ይገላግለዋል።

ሱላፋ ከወሰንየለሽ ጭን ላይ ራሷን አነሳች። በደህናው እጇ የወዲያኛውን በር ከፈተች።

«ናዲር» አለች በዓረብኛ። «እሱ ከወረደ እወርዳለሁ። እዚሁ፣ አጠገቡ እሞታለሁ።»

የናዲር እጆች መሪው ላይ ነጡ። መንጋጋው ሲፋጭ ለፀጋአብ ተሰማው።

«ነሲቢ» አለ።

«ምን?»

«ነሲቢ ነው አልኩህ! አማቼ ነው። የእህቴ ባል።» ቃሉን እንደ ጥርስ ስባሪ ተፋው። «መታወቂያውም የራሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ እሱ ነው። ይቺ የምትሞትብኝ ሁለተኛ ናት። አሁን ገመዱን አንሳ!»

ልጁ ፀጋአብን፣ ደሙን፣ ክፍት በሩን እያየ አመነታ። ከዚያ መታወቂያውን ፊቱ ላይ ወረወረለትና ገመዱን ረገጠው። «ያላ! ሂዱ!»

ፀጋአብ ዘሎ ገባ፤ መኪናው ተፈተለከ። ናዲር ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ደስ አይበልህ። ውሸት ነው። ለእሷ ብዬ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለ ፀጋአብ።

«ያቱ?» አለች ሱላፋ። ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ ላቧ በጆሮ ግንዷ ላይ ይንቆረቆራል። «የትኛው ነው ውሸቱ? ባልነቱ ነው አንደኝነቱ?»

ናዲር ቤንዚኑን ረገጠው። ወሰንየለሽ ግን ከቁስሉ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ ፀጋአብ አያት፤ የራሱም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቀውም። የሱላፋን እጅ ፈልጎ ያዘ። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ግን አጥብቀው ጨበጡት።